የሰንበቴው ዓብዱ ዓላማ ሲደልል

ቅዳሜ ከሰዓት ሰንበቴ ከተማ የደረሰ ሰው የዓብዱን በር ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። አንድ ሽማግሌ የሚወጣበት፣ የሚገባበት፣ እንደገና የሚወጣበት በር ካየ እሱ ነው። ይወጣል፤ ዱላውን ተመርኩዞ ወደ ቆላው መውረጃ አሻግሮ ያያል። ይገባል፤ የእንግዳ ክፍሏን ሰሌን አንስቶ ያራግፋል፣ ጠዋት ያራገፈውን ሰሌን። የውሃውን ጀሪካን ይነቀንቃል፤ ሞልቷል። ማን ጠጥቶለት ይጎድላል? ተመልሶ ይወጣል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በሩ እንኳ ሰለቸህ!» ትለዋለች ሚስቱ ዓዲላ ከጓዳ።

«ይመጣሉ።»

«ባለፈው ሳምንትም ይመጣሉ ብለሃል። አምናም ብለሃል።»

«አላህ ካለ ይመጣሉ አልኩ እንጂ ዛሬ ይመጣሉ መች ወጣኝ?»

ደላላ ነው፤ በቃሉ አይያዝም።

ዕድሜውን ሙሉ ግመል ሲያሻሽጥ ኖሯል። የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው፦ ለእሑድ ገበያ የሚመጣ አፋር ግመሉን እየነዳ ቅዳሜ ማምሻውን ይደርሳል። ሆቴል አይገባም፤ ማደሪያው የደላላው ቤት ነው። ደላላው ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ግመሉን አጥሩ ውስጥ ያሳድርለታል። ሲነጋ ገበያ ላይ ባለግመሉ አፉን አይከፍትም። ዋጋ የሚጠራው፣ የሚምለው፣ የሚቆጣው፣ ተናዶ ሄዶ ደግሞ የሚመለሰው ደላላው ነው። ዓብዱ ለአንዱ በአፋርኛ፣ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ከደሴ ለመጣው ነጋዴ በአማርኛ ይምላል፤ በሦስቱም ቋንቋ ያው አንድ ውሸት ነው። አባት ያደረበት ቤት ልጅም ያድርበታል። ያዮ የሚባለውን አፋርም ዓብዱ ያገኘው በዚሁ ደንብ፣ ከአባቱ ወርሶ ነው። ጢማቸው ጥቁር ሳለ ጀምረው አብረው ሸበቱ።

በራሪ ወረቀት የሚያዘጋጁ ሰዎች ደላላን «በአምራቹና በሸማቹ መካከል የተጣበቀ መዥገር» ይሉታል። ልክ ናቸው። ዓብዱ መዥገር ነበር። ነገር ግን የተጣበቀበትን ሰው ራት አብልቶ፣ አልጋውን ለቆለት፣ እሱ መሬት ላይ ስለሚተኛ መዥገር እስከዛሬ አንድም ወረቀት አልተበተነም።

ከዚያ ስልክ መጣ። የያዮ ልጅ ግመሉን ገና ቆላ ሳለ ፎቶ ያነሳዋል፤ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ እንደ ሙሽራ። ፎቶው ግመሉን ቀድሞ ገዢው ዘንድ ይደርሳል። ገዢው አይሱዙውን አስፋልት ዳር አቁሞ ይጠብቃል። ማደሪያ የለ፣ መሐላ የለ፣ ዓብዱ የለ። «ደላላ ከመሃል ይውጣ!» የሚለውን መፈክር ስንት ሰው ጮኸው፣ ስንት ሰው ታሰረበት፤ በመጨረሻ ያሳካው አንድ የተሰነጠቀ ስልክ ሆነ። ያዮም አረጀና መውጣት ተወ። ልጁ ደግሞ በዓብዱ ቤት አጠገብ ሲያልፍ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም ይላል፤ ሌላው እጁ ጆሮው ላይ ነው።

ለዓብዱ የቀረችው ያቺ የእንግዳ ክፍል ናት። እሷንም ልጁ ቶፊቅ ይፈልጋታል። በአስፋልቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ከፍቶ ስልክ ሊጠግንባት! አዎ፣ ስልክ። አባቱን ከገበያ ያባረረውን ዕቃ እያከመ ሊያድን። ቢሆንም ቶፊቅ ክፉ ልጅ አይደለም። ሚስትና ልጆች አሉት፤ ሥራው የሚሠራው በሰው በረንዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የሰው ስልክ አቅፎ ይሮጣል።

«አባ፣ አሁንስ ዕረፍ» ይለዋል። «ሶላትህን ስገድ፣ የልጅ ልጆችህን አጫውት። ምን ጎደለብህ?»

«እንግዳ።»

«እስከ አረፋ እጠብቅሃለሁ። ከአረፋ በኋላ ግድግዳውን እከፍታለሁ። እናቴም ተስማምታለች።»

ዓብዱ ወደ ዓዲላ ዞረ። ዓዲላ አንድ ማሰሮ አንስታ በጥንቃቄ ወደ ጓዳ ይዛ ገባች። ማሰሮው ውስጥ ምንም አልነበረም።

ነገሩ ስለ ክፍል አልነበረም። ክፍሏ ከሄደች ዓብዱ ማንም የማያድርበት፣ ማንም የማይፈልገው ሽማግሌ ነው። ይኼን ሦስቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ስለ ግድግዳ ያወራሉ።

እንዲህ ሲቁነጠነጥ ከሚሴ ላይ ስብሰባ አለ መባሉን ሰማ። ስለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ሰው ካለ የሚሸጥ አለ፣ የሚገዛም አለ፤ ዕውቀቱ ይኼው ነው። ሚኒባስ ተሳፈረ፣ ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዘ፣ ባለባጃጁን እስከ አዳራሹ በር ተከራከረው።

አዳራሹ ያው የምታውቁት አዳራሽ ነው። ባነሩ ከመልእክቱ ይሰፋል። «ባለድርሻ አካላት» የተባሉት፣ ድርሻቸው ምን እንደሆነ እስካሁን ያልተነገራቸው ሰዎች፣ ከፊት ተደርድረው የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ። መጨረሻ ላይ ፕሮፌሰር ሚስራ የተባለች ሴት ተነሳች፤ ከሚሴ የተወለደች፣ ሩቅ ባለ ዩኒቨርሲቲ ሰውን ማማከር እንዴት እንደሆነ የምታስተምር። ምርምሯ የሰው የሕይወት ዓላማ ከልጅነት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚያድግ ነው።

«ዓላማ በወጣትነት አንዴ ተገኝቶ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም» አለች። «ልጅ ሳለን በጨዋታችን ውስጥ ይበቅላል። ስንጎለምስ በሥራና በትዳር መልክ ይይዛል። ሥራ ሲቆም፣ ልጆች ሲወጡ ይሰበራል። ከተሰበረ በኋላ መልሶ የሚያቆጠቁጥላቸው ሰዎች አሉ፤ ደርቆ የሚቀርባቸውም አሉ። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ነው የማጠናው።»

«ይኼን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን ያስፈልጋል?» ብሎ አንድ ብልጥ ከኋላ አንሾካሾከ። አያስፈልግም። ግን ብልጡ በዕድሜው አንድም ቀን አስቦት አያውቅም፤ ሌላ ሰው አስቦ ሲያቀርብለት ነው ነገር ሁሉ የሚቀልለት።

ሽማግሌዎቹ ዓላማ የሚለውን ቃል ድሮም ይሰሙታል። ሲሰሙት የኖሩት ግን በመፈክር ነው። «ዓላማችን ግቡን ይመታል!» ሲባሉ ያጨበጭባሉ፤ ተመቶ ያዩት ግብ ግን የለም። አንድ ሰው ለብቻው፣ ያለ ሊቀመንበርና ያለ ማኅተም፣ ዓላማ ሊኖረው ይችላል ሲባል ገና ያን ቀን መስማታቸው ነው። አንዳንዶቹ ነገሩ የተፈቀደ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ባለድርሻ አካላቱ አዩ።

ፕሮፌሰሯ «ከሰንበቴ አካባቢ ሥራ ያቆሙ አረጋውያንን ማነጋገር እፈልጋለሁ» ስትል ዓብዱ ብድግ አለ።

«ስንት ነው የምትፈልጊው?»

«ምን ጋሼ?»

«ሽማግሌ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዓብዱ አልሳቀም፤ ገበያ ላይ አይሳቅም።

«ወንድ ብቻ ነው ሴትም ይሁን? ጥርስ ያለው ነው የሌለው?»

«ጥርስ አያስፈልግም» አለች ፕሮፌሰሯ ከንፈሯን ነክሳ። «እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ይሁን እንጂ።»

«እሱ ውድ ነው» አለ ዓብዱ። «ቢሆንም ይገኛል። ማነጋገሪያ ቦታም አለኝ፤ የእንግዳ ክፍል።»

ቤቱ ሲመለስ ዱላውን አልተመረኮዘም፤ በትከሻው ይዞት ገባ።

«ዓዲላ! ክፍሏ እንግዳ አገኘች!»

«አፋር?» አለች ዓዲላ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«ፕሮፌሰር።»

«እሷ ደግሞ ምን ትሸጣለች?»

«ትገዛለች እንጂ አትሸጥም። ዓላማ ነው የምትገዛው።»

«ሱብሃነላህ!» አለች ዓዲላ። «ሰው እሱንም ይሸጥ ጀመር?» ቶፊቅ ግድግዳውን በስንዝር ይለካ ነበር፤ ስንዝሩን ሰበሰበ።

አሁን ልብ በሉ። ሰንበቴ ላይ ፍየል ወደ ገበያ የሚያወጣ ሰው ዋዜማውን ጨው ያስልሰዋል፤ ጠዋት ውሃ እስኪበቃው ያጠጣዋል። የፍየሉ ሆድ ይወጠራል፣ ጠጉሩ ያበራል። ይኼ ማጭበርበር አይባልም፤ ማሳመር ነው የሚባለው። ገዢው ያውቃል፣ ሻጩም ገዢው እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ያላሳመረ ሻጭ ግን ገዢውን ንቆታል ይባላል። እንግዲህ ዓብዱ ሽማግሌዎቹን እንዳሉ፣ ሆዳቸው እንደከሳ፣ ለፕሮፌሰር ሊያቀርብ ነው? ነውር!

መጀመሪያ ያገኘው ሙሀመድአሚንን ነው፤ ማሳውን ለልጆቹ አካፍሎ ጥላ ሥር የሚውል ገበሬ።

«ዓላማህ ምንድነው?»

«ኧ?»

«ዓላማ፣ ዓላማ! ጠዋት ስትነሳ ለምንድነው የምትነሳው?»

«ፊኛዬ ነው የሚያስነሳኝ።»

«ይኼ ለገበያ አይወጣም። ‹ያካበትኩትን ዕውቀት ለመጪው ትውልድ ማውረስ› በል።»

«ምን አካበትኩ?»

«እሱን አትጠየቅም። ብለህ ዝም በል። ትንሽ ቆይተህ ተንፍስ። ትንፋሹ ነው ዋጋ የሚያወጣው።»

ቀጥሎ ኡሚ። ድሮ ቅቤ ነጋዴ የነበረች፣ ባሏን የቀበረች፣ ምላሷን ያልቀበረች ሴት። «ኮቱ ኡሚ፣ ታኢ» ብሎ አስቀመጣት፤ ነይ ተቀመጪ ማለቱ ነው።

«የኔ ዓላማ ጉልበቴን እንዲሻለኝ ነው» አለችው።

«ይኼ በሽታ እንጂ ዓላማ አይደለም።»

«አንተ በዚህ ጉልበት ተነስተህ ታውቃለህ?»

«ኡሚ፣ የተማረች ሴት ናት፣ ከሩቅ ነው የመጣችው። ‹በሰዎች መካከል ሰላም አውርጄ ማለፍ› በያት።»

«ከማን ጋር ያወረድኩትን? ከምራቴ ጋር እንኳ አልታረቅኩም!»

«ዝም በይና ተንፍሺ፤ ምራትሽን ማን ይጠይቃታል?»

እንዲህ እያለ መንደሩን አዳረሰ። ለአንዱ ትውልድ፣ ለአንዱ ሰላም፣ ለአንዱ ልማት ሰጠ። ከአሮጌ መፈክር የተረፈ ቃል ሁሉ ወጥቶ ተራገፈ። ለዓብዱ ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ደስ ያለው ጊዜ አልነበረም። ይሮጣል፣ ይቆጣል፣ ይምላል። ዓዲላ እንኳ «ያ ረቢ፣ ሰውዬው ድምፁ ተመለሰ» አለች።

ፕሮፌሰሯ መጣች፤ ክፍሏ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀመጠች፤ መቅጃዋን አበራች። ሙሀመድአሚን ተናገረ፣ ዝም አለ፣ ተነፈሰ። እሷም አብራ ተነፈሰች። ሁለተኛው ገባ፤ ተናገረ፣ ዝም አለ፣ ተነፈሰ። በሦስተኛው ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በኋላ የገቡት ሁሉ በአንድ ቦታ ዝም ብለው በአንድ ወናፍ ሲተነፍሱ ብዕሯን አስቀመጠች። ኡሚ ስትገባ ዓብዱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኡሚ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች፣ ሰላም ላይ ደረሰችና ቆመች። ከዚያ በፕሮፌሰሯ ትከሻ ላይ አሻግራ ጮኸች፦

«ዓብዱ! ትንፋሹ ከ‹ማለፍ› በፊት ነው በኋላ ያልከኝ?»

ፕሮፌሰሯ መቅጃውን አጠፋች። ኡሚን በደንብ አድርጋ ሸኘች፤ ስለ ጉልበቷም ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ጋሼ ዓብዱ፣ ምን አደረጉኝ?»

«አሳመርኩልሽ ልጄ!» አለ ዓብዱ፤ ከልቡ ነው የሚለው። «እንዳሉ ባቀርባቸው ፊኛና ጉልበት ብቻ ነበር የምትሰሚው፤ ወላሂ!»

«እኔ እኮ የምፈልገው ፊኛውንና ጉልበቱን ነበር።»

ዓብዱ እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሞት አያውቅም፤ የከሳውን ፍየል ከሲታነቱን ወዶ የሚገዛ።

«ይኼ ሁሉ አይሆነኝም። እንደገና ቤት ለቤት ዞሬ አነጋግራቸዋለሁ፤ ብቻዬን» አለች፤ ተቆጥታለች። ዕቃዋን ስትሰበስብ ዓብዱ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ልትወጣ የነበረችው ሴት እሱን አየች፣ የተነጠፈውን ሰሌን አየች፣ እስከ አፉ የሞላውን ጀሪካን አየች። ተመልሳ ተቀመጠች።

«የእርስዎስ?»

«የኔ ምን?»

«ምንድነው የሚፈልጉት?»

«ደላላ የራሱን አያወራም።»

«የማንን ያወራሉ ታዲያ?»

የያዮን አወራ። ያዮ ጣሪያ ሥር መተኛት እንደማይወድ፣ መጀመሪያ አጥሩ ውስጥ ከግመሎቹ ጋር ጋደም ብሎ ብርዱ ሲገባው ብቻ እየተሳደበ ወደ ክፍሏ እንደሚገባ። ጥቁር ግመል እንደሚጠላ። ሻዩ እስኪወፍር ስኳር እንደሚጨምርበት። የዓዲላ እናት የሞተች ጊዜ ከቆላ በእግሩ ወጥቶ በር ላይ ቆሞ አንድም ቃል ሳይናገር እንደዋለ። ዓብዱ ሲያወራ እጁ ይሮጣል፤ አንዴ ግመል ይሆናል፣ አንዴ ያዮን።

«ቤቱ የት ነው?» አለች ፕሮፌሰሯ።

ዓብዱ በዱላው ወደ ምሥራቅ አመለከተ። «እዚያ።»

«እዚያ የት?»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ያዮ ወደ እሱ ወጣ እንጂ እሱ ወደ ያዮ ወርዶ አያውቅም። ደላላ ቦታውን አይለቅም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ያዮ የልጆቹን ስም ያውቃል፣ የጓዳውን ሽታ ያውቃል። እሱ ስለ ያዮ ቤት የሚያውቀው አቅጣጫውን ነው።

«በሕይወት አለ?»

ዓብዱ ዱላውን አወረደ። ከገዛ ቤቱ ወጥቶ አጥሩን ይዞ ይዞር ጀመር።

ፕሮፌሰሯ ተከትላው ወጣች። «ጋሼ፣ በጥናቴ የማያቸው ሰዎች ሥራቸው ሲሞት የሚወዱት ነገርም አብሮ የሞተ ይመስላቸዋል። የሞተው የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የደረቁትን ሳይ አብዛኞቹ በሩን ሲጠብቁ ነው የደረቁት።» ጥሩ አለች። መኪና አስነስቶ የሚጠብቅ ሹፌር ያለው ሰው ስለ በር እንዲህ ማለት አይከብደውም። ግን ጥሩ አለች።

በማግስቱ እሑድ ነው። ዓብዱ ገበያ ገባና የሚሸጥም የሚገዛም ሳያይ አስፋልት ዳር ወደቆሙት መኪኖች ሄደ። የያዮ ልጅ ስልክ እያወራ ነበር። ዓብዱ ስልኩን ከጆሮው ላይ በዱላው ጫፍ ገለል አደረገው።

«አባትህ አለ?»

«አለ። ወገቡ አይነሳም» አለ ወጣቱ። «ከገበያ በተመለስኩ ቁጥር ስለ አንተ ይጠይቀኛል።»

«ምን ብሎ?»

«‹ዓብዱ ሞተ ወይ?› ብሎ። እኔ ከቀረሁ ይኼን ሁሉ ጊዜ ሊያየኝ ያልመጣው ቢሞት ነው ይላል።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን እላለሁ? ስትወጣ ስትገባ አያለሁ እንጂ ቁጭ ብለን አላወራን። ዳጉ ሳልቀበል ምን ብዬ ልንገረው?»

ዳጉ የአፋር ወሬ መለዋወጫ ደንብ ነው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትን የሰሙትን ሁሉ ይሰጣጣሉ፤ ተቀምጠው ከራሱ ከባለቤቱ ያልተቀበሉትን ወሬ፣ በሩቅ ቢያዩትም እንኳ፣ ማድረስ ነውር ነው። ስለዚህ ልጁ ስልኩ የግመል ፎቶ የትም እያደረሰ፣ ዓብዱ መኖሩን ለአባቱ ሳይነግር ከረመ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም አንዱ ላይ ሆኖ ሌላው እስኪወጣ፣ አንዱ ታች ሆኖ ሌላው እስኪወርድ ሲጠባበቁ ኖሩ። ሁለት ግትር!

ዓብዱ ቤቱ የደረሰው እያለከለከ ነው። ቶፊቅ ደጃፍ ላይ የአንድ ሰው ስልክ ከፍቶ ተቀምጧል።

«ግድግዳውን ክፈት።»

«አባ፣ አረፋ እኮ ገና...»

«ክፈት አልኩህ! ዓዲላ፣ ስኳር ስጪኝ። በርከት አድርጊው።»

«ለምንህ?»

«ቆላ ልወርድ ነው።»

ዓዲላ ወጥታ ፊቱን አየችው። ሳቀች፣ ከዚያ እየቀለደ አለመሆኑ ገባትና ነጠላዋን አጣፋች። «በዚህ ዕድሜ? መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ? ማን ቤት ልታድር ነው?»

«ያዮ ቤት።»

«የግመል ወተት ሰጥተውህ ሆድህን ሲያጥበው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ስትሮጥ ይታየኛል።» እንዲህ እያለች ስኳሩን ቋጠረች፣ ሻይ ቅጠል ጨመረች፣ ጋቢውን አጣጥፋ ላዩ ላይ አስቀመጠች። «ንገረው ያዮን» አለች ቀስ ብላ፣ «እናቴ የሞተች ጊዜ ስለመጣው። አላመሰገንኩትም።»

ቶፊቅ መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ክፍሏን አገኘ፤ ፊቱ ግን ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም። «አባ፣ እኔ ልሸኝህ?»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

ወደ ቆላ የሚመለሰው አይሱዙ ማሽላና ያልተሸጠ ፍየል ጭኗል። ዓብዱን ሁለት አፋር ወጣቶች እየሳቡ፣ የያዮ ልጅ ከታች እየገፋ ጭነቱ ላይ አወጡት። ማሽላው ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ስኳሩን ከፍየል አራቀ፣ ፍየሉን ሰደበ። አንዱ ወጣት ከስኳርና ከጋቢ ሌላ ምንም ያልያዘውን ሽማግሌ አየ።

«ምን ልትሸጥ ነው የምትወርደው?»

«ምንም።»

«ልትገዛ ነው?»

«አይደለም።»

ወጣቶቹ ተያዩ። «ታዲያ ምን ልታደርግ?»

«ያዮ ሞቷል ብሎኛል» አለ ዓብዱ። «አለመሞቴን ልነግረው።»

መኪናው ተነሳ። ዓብዱ ሹፌሩን መንገድ ሊያሳየው የጋቢናውን ጣሪያ በዱላው ይደበድብ ጀመር። መንገዱን አያውቀውም።